ያደረው መጽሐፍ

ቀነኒ ቶላን የማያውቅ የጭሮ ሰው ካለ፣ ወይ ስልክ የለውም፣ ወይ ስልኩ ወድቆበት አያውቅም። መናኸሪያው በር ላይ፣ ሳምቡሳ ከሚጠብሱት ሴቶች ጎን፣ አንዲት ሰማያዊ ኮንቴይነር ነበረቻት። ስክሪን ትቀይራለች፣ ውኃ የገባበትን ፈትታ ታደርቃለች፣ ለክርስቲያኑ መዝሙር ለሙስሊሙ ነሺዳ ትጭናለች። ዘፈን ግን አትጭንም። «ለምን?» ሲሏት «እማዬ ትሰማለች» ትላለች። እናቷ ወይዘሮ ከበደች ከኮንቴይነሩ ጀርባ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ስለሚሸጡ በእርግጥም ይሰማሉ፤ እሳቸው ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን መሪ ናቸው፣ በዚህ አይቀለድም።

ልጅቷ ሠላሳ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። አባቷ ሲያርፉ ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ አቋርጣ መጣች፣ መበየጃዋን ጨበጠች፣ እዚያው ቀረች። እጇ ወርቅ ነው። ግን አንድ አመል አለባት፣ ሰው ማስቀየም አትችልም! ለቅዳሜ የተባባሉትን ስልክ ሐሙስ መጥቶ «አሁኑኑ» የሚላትን እሺ ትላለች፤ የያዘችውን ሥራ ትታ የሱን ትሠራለች፤ ከዚያ ብቻዋን ስትሆን ጥርሷን ታፋጫለች። ይሉኝታ ነው የጨረሳት። እኔን ብትጠይቁኝ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ከዚች ልጅ ደም ውስጥ በመርፌ ስቦ የሚያወጣ ሐኪም ቢገኝ ጭሮ ሙሉ ይመርቀው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከከተማው የተላኩ ሰዎች መጥተው ኮንቴይነሯ ላይ ቀይ ኤክስ ቀቡባት። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ በመጋቢት ሁሉም ይነሳል። ሳምቡሳ ጠባሾቹ ምጣዳቸውን ተሸክመው ሌላ ጥግ መፈለግ ይችላሉ። ቀነኒ ኮምፒውተሯን ተሸክማ የት ትሂድ? ያን ሰሞን ሥራ ላይ ሆና ሐሳቧ እየሄደ ኤክሱ ላይ ያርፍ ነበር፤ ከውስጥ ስለማይታይ በሩን ከፍታ ወጥታ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትገባለች።

በዚህ መሀል ሮቤል መጣ። ሮቤል ድሮ አብሯት የተማረ፣ አሁን ጭሮ ኮምፒውተር የሚያስተምር ልጅ ነው። ድሬዳዋ ያለ አንድ ድርጅት ጀማሪዎችን ተቀብሎ የሞባይል አፕ ሥራ ሊያስተምርና ሊቀጥር መሆኑን ነገራት።

«ዲግሪ አይጠይቁም» አላት። «የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። በገዛ እጅሽ የሠራሽውን አፕ በስልክሽ ይዘሽ ትቀርቢያለሽ። እነሱ ፊት ደግሞ ‹ይህችን ቀይሪ፣ ያችን ጨምሪ› ይሉሻል። ሰው የሠራልሽ ከሆነ እዚያው ትያዣለሽ። መጋቢት መግቢያ ላይ ነው።»

የቀነኒ ልብ ተሰቀለ። ስልክ ከውጭ እስከ ውስጥ ፈትታ ትገጥማለች፤ አፕ እንዴት እንደሚጻፍ ግን አንዲት መስመር አታውቅም። የምትሠራውን ወዲያው ወሰነች፤ የመዝሙር ቁጥር ሲነካ ግጥሙን የሚያወጣ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ሐሳቡ አለ፣ ኮምፒውተሩ አለ፣ ጊዜውም ቢጠብም አለ። የጠፋው አስተማሪ ነው። ሮቤልም ቢሆን ይህን ሙያ ዳር ዳሩን እንጂ አያውቀውም።

ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በአገሩ በተነሳው ተቃውሞ ሰበብ ዳታው ተቆረጠ። ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት የለም። መንገዱም አንድ ሰሞን ይከፈታል አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ከገለምሶ የተነሳ ሰው ጭሮ ሳይደርስ ይመለሳል። ከኢንተርኔት አያለሁ ብላ ያሰበችው ሁሉ በአንድ ቀን ቀረ። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ፋይሎችም ግማሻቸው ገጽ የጎደላቸው፣ ግማሻቸው ለሚያውቅ ሰው የተጻፉ ናቸው። መጽሐፍ ያስፈልጋታል፤ ከአንድ እስከ መቶ እጇን ይዞ የሚወስዳት አንድ ሙሉ መጽሐፍ።

«አዲሱን አስገዢ» አላት ሮቤል። «የዘንድሮ የታተመ። በዚህ ሙያ የአምና መጽሐፍ ታሪክ ነው።»

«ታሪክም ቢሆን የሚሠራልኝን ነው የምፈልገው» አለችው።

ለምን እንዳለች ላስረዳ። አፕ የሚጻፍበት ፕሮግራም አለ፣ እሷ «መሥሪያው» ትለዋለች። ሮቤል ሁለት ሰጥቷት ነበር፣ አሮጌና አዲስ። አዲሱን ጠዋት ከፈተችው፤ የጎደለኝን ከኢንተርኔት ላምጣ ብሎ መዞር ጀመረ፣ ከሰዓትም እየዞረ ነበር፣ ማታ በሩን ስትዘጋም እየዞረ ነበር። አሮጌው ግን የሚያስፈልገው ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ከማንም ምንም አይለምንም። እንግዲህ ኢንተርኔት በሌለበት አገር የሚሠራው አሮጌው ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉም ስለ አሮጌው የሚያስተምር መሆን አለበት። የአዲሱ መጽሐፍ «እዚህ ጋ ንኪ» የሚላት ቦታ በአሮጌው ላይ የለም። ሮቤል ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን አከከና «ልክ ነሽ» አላት።

ታዲያ ማን ከአዲስ አበባ ያምጣላት? የተገኙት ሐጂ አብዱልቃዲር ናቸው። ሐጂ የገለምሶ ሰው፣ የጫት ነጋዴ፣ ከመናኸሪያው ማዶ ጫት የሚራገፍበትና የሚታሰርበት ሰፊ መጋዘን ያላቸው። አባቷ ሲቀበሩ ከማንም ቀድመው የመጡ እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ «ኢንተለ ቲያ» ነው የሚሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የታመመች እህታቸውን ለመጠየቅ አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲነሱ ስልካቸውን ሊያስሞሉ ጎራ አሉ፣ ፊቷን አዩ፣ ምን ሆነሽ አሏት። እንደምንም ነገረቻቸው።

«ይሄ ነው እንዴ ያጠቆረሽ? መጽሐፍ? እኔ አመጣልሻለሁ!»

«ሐጂ፣ ዝም ብሎ አይገዛም። ሱቁ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፤ ለሻጩ ይስጡልኝ፣ እኔ እጠይቀዋለሁ።»

ሐጂ ሳቁ። «ጫትም እኮ እንዲሁ ነው፣ ሳያዩ አይገዛም» ብለው ሄዱ።

የደወሉ ዕለት አንድ ደንበኛ ስልኩን አስፈትቶ ከፊቷ ቆሟል፣ ውጪ ረዳቶቹ «በዴሳ፣ ገለምሶ!» እያሉ ይጮኻሉ። ጆሮዋን በጣቷ ደፍና ኮንቴይነሩ ጥግ ተሸጎጠች።

«ኢንተለ ቲያ! ይሰማል? ይኸው ልጁ፣ አነጋግሪው!»

ሻጩ የቸኮለ ድምፅ አለው። «እህት፣ ሁለት አለኝ። አንዱ የዘንድሮ ነው፣ ገና ላስቲኩ አልተነሳም። አንዱ ያረጀ ነው፣ ሽፋኑም ተገንጥሏል።»

«ያረጀውን ግለጥልኝ። መጀመሪያ ላይ ምን ክፈቱ ይላል? በየትኛው ፕሮግራም ነው የሚሠራው?»

ገጽ ሲገላበጥ ተሰማት። ስሙን አነበበላት። የሷው መሥሪያ ነው! ግን አልጨረሰችም።

«እሺ ወንድሜ፣ አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ኮድ ያለበትን ገጽ አውጣልኝ። ከሥሩ ምን ይላል? ያብራራል ወይስ ዝም ብሎ ያልፋል?»

«ኧረ ሰው ቆሞብኛል!»

«በእናትህ፣ አንዴ ብቻ!»

«ከሥሩ... እያንዳንዷን ቃል አውጥቶ ይሄ ምን ማለት ነው፣ ይሄ ምልክት ለምን እዚህ መጣ እያለ ያስረዳል። እንደ ሕፃን ነው የሚያስተምረው።»

«አዲሱስ?»

«ላስቲኩን ካልገዛችሁ አልቀድም። ከጀርባው ግን... ቋንቋውን አስቀድመው ለሚያውቁ ነው ይላል።»

አለቀ! የምትፈልገው እንዳለ ቆሞ እየጠበቃት ነው። «ያረጀውን!» ብላ ጮኸች። «ሐጂ፣ ያረጀውን ነው! ሽፋን የሌለውን!» መስመሩ ሲቆረጥ ደንበኛው ምን ነካት ብሎ ያያታል። እሷ ግን እየሳቀች ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሐጂ ከአዲስ አበባ ይነሳሉ በተባለበት ቀን መንገዳቸው ላይ ባለችው ሚኤሶ ላይ መኪና ቆመ የሚል ወሬ መጣ። አንዱ ሹፌር ድንጋይ ደርድረዋል ይላል፣ ሌላው መኪና ተቃጠለ ይላል፣ ሦስተኛው ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ ይላል። የሐጂ ስልክ አይነሳም። ቀነኒ እጅ እግሯ ተሳሰረ። መጽሐፉን ረሳችው፤ አንድ ሽማግሌ በእኔ ጦስ መንገድ ላይ ቢቀሩስ? እናቷ ሽንኩርታቸውን ሸፍነው ወደ ውስጥ ገቡ፣ እጇን ይዘው ጸለዩላቸው። ለጫት ነጋዴ እንዲህ ከልብ ሲጸልዩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሐጂ መኪና መስታወቱ ተሰንጥቆ መናኸሪያውን አልፎ ኮንቴይነሩ ፊት ቆመ። ሐጂ ወረዱ፣ አቧራ ብቻ ሆነዋል፣ ግን ይስቃሉ። በብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ቀነኒ ሮጣ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አስቆሟትና ጨርቁን ፈቱት።

የሚያብረቀርቅ ሽፋን። ላስቲኩ ያልተነሳ። የዘንድሮው።

«ልጁ ያረጀውን ሊያሸክመኝ ነበር እኮ!» አሉ ሐጂ፣ ለተሰበሰበው ሰው ጭምር። «‹እሷ ናት ያለችው› ይለኛል። እኔ አንቺን አላውቅም? ለራስሽ ጥሩ ነገር ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ሐጂን ላላስቸግር ብለሽ ነው ያረጀውን ያልሽው! እኔ አብዱልቃዲር በዕድሜዬ ያደረ ጫት ለሰው አልሸጥኩም። ለልጄ ያደረ መጽሐፍ ላምጣ?»

ሰው አጨበጨበ። በሐጂ ሙያ ሁሉ ነገር እንዲህ ነው፤ የዛሬው ዋጋ አለው፣ ያደረው ለፍየል ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ዓይን ነው ያዩት፣ ከዚያ ሌላ ዓይን ከየት ያምጡ? ቀነኒ መጽሐፉን ተቀበለች። «አይደለም» ልትል አፏን ከፈተች። የተሰነጠቀውን መስታወት አየች። እናቷ ከኋላ መጥተው ክንዷን ጨበጥ አደረጓት፣ አመስግኚ እንጂ ማለታቸው ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ» አለች። እንባዋ መጣ። ሐጂ የደስታ መሰላቸው፣ ራሷን ዳበሱት።

ወይ ይሉኝታ! በዚያን ሰሞን እኮ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። የሐጂ መኪና ራሱ ጫት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ያረጀው መጽሐፍ በሳምንቱ እጇ ይገባ ነበር። አልተናገረችም።

ላስቲኩን ቀዳ ተቀመጠች። ምናልባት ያግዛል ብላ ጀመረች። መጽሐፉ «እንደምታውቀው» ብሎ ነው የሚነሳው፤ እሷ ምንም አታውቅም። ያለውን በአሮጌው መሥሪያ ስትጽፍ ከመስመሮቹ ሥር ቀይ ይሰመራል፤ ታጠፋለች፣ ትጽፋለች፣ ይቀላል። የቱ ጋ የሷ ስህተት እንደሆነ፣ የቱ ጋ የመሥሪያው እርጅና እንደሆነ የሚነግራት የለም። ሮቤል ተቆጣ። «ንገሪያቸው! ምን ይሆናሉ?»

«በዚያ መንገድ ነው እኮ ያመጡት። መስታወታቸው ተሰብሮ!»

«እና ፈተናው ይለፍሽ?»

ሐጂ ጠዋት ጠዋት ወደ መጋዘናቸው ሲያልፉ አንገታቸውን ያስገቡና «መጽሐፌ እንዴት ነው?» ይሏታል፤ «በጣም ጥሩ ነው ሐጂ» ትላለች። እሳቸው ደግሞ ገለምሶ ገበያ ላይ አወሩት፣ በዴሳ አወሩት፣ ልጄ በእኔ መጽሐፍ ድሬዳዋ ልትቀጠር ነው እያሉ። ወሬው ዞሮ ዞሮ በሌላ ሰው አፍ ለራሷ ተመልሶ መጣ፤ የገለምሶ ሹፌር «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። ያን ዕለት ምሳዋን አልበላችም። ጥርም እንዲህ አለቀ።

የካቲት ሲገባ አገሩ ሁሉ ሥራ ሊያቆም ነው፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው ተባለ፤ ተዘጋም። ሐጂም መኪናቸው ቆሞ ሥራ ፈትተው፣ መስዑድ የሚባል የአሰቦት ወዳጃቸውን ይዘው ኮንቴይነሩ መጡ። እንግዳው ጭሮ ላይ መንገድ ተዘግቶበት የቀረ ነው።

«በይ የሠራሽውን አሳዪልኝ» አሏት፣ ደረታቸውን ነፍተው። «ለመስዑድ ነግሬዋለሁ።»

ቀነኒ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠች ቀረች። እጇን ወደ ማውሱ ሰደደች፣ መለሰች። የምታሳየው ቀይ መስመር ብቻ ነው። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። ውሸት አጥታ አይደለም፤ «ዛሬ መብራት አስቸገረኝ» ብትል ያልፋል። ግን እስከ ፈተናው ያለውን ቀን በልቧ ቆጠረችው፤ የቀራት ጊዜ የለም።

«ሐጂ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «መጽሐፉ አይሆነኝም። ኢንተርኔት ላለው ሰው ነው። ቀድሞ ለተማረ ሰው ነው። ያረጀው ነበር ለእኔ የሚሆነው።»

ሐጂ ወዲያው አልገባቸውም። ሲገባቸው ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«መቼ አወቅሽ?»

«የመጣ ዕለት።»

«የመጣ ዕለት!» መስዑድ እጃቸውን ሊይዝ ሞከረ፣ አስጣሉት። «መኪናዬ በማግስቱ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር እኮ! በየቀኑ ይሄድ ነበር! ቆሜ ‹መጽሐፌ እንዴት ነው› ስልሽ ‹በጣም ጥሩ› ትይኛለሽ? ስህተቴን ብትነግሪኝ የማኮርፍ ሕፃን መሰልኩሽ? ገለምሶ ሙሉ ሳወራ ዝም! አላሳፍራቸው ብለሽ ነዋ? ይኸው አሳፈርሽኝ! አሁን መንገዱ ተዘግቷል፣ አሁን ምን ላድርግልሽ?»

ወጡ። ከበደች ከኋላ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሽንኩርት ይደረድራሉ፣ ይንዱታል፣ መልሰው ይደረድራሉ። ቀነኒ የኮንቴይነሩን በር ዘግታ በቀን ብርሃን አለቀሰች። ያስለቀሳት የሐጂ ቁጣ አይደለም። ልክ ናቸው፤ ያ ነው ያቃጠላት።

ከዚያ በኋላ ሐጂ በኮንቴይነሩ ፊት ማለፍ ትተው በማዶ ይሄዱ ጀመር። ሆኖም መጋዘኑ ውስጥ ጫት የምታስር ልጃቸው ረዲያ ለቀነኒ ሹክ አለቻት፤ አባቷ ጠዋትም ማታም ስልክ ላይ ናቸው። ሻጩን አፈላልገው አግኝተውታል። መንገዱ ቁርጥራጭ ሆኗል፤ አንዱ ቦታ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል፣ አንድ መኪና ሙሉውን መንገድ አይጨርስም። ሐጂ ግን ጫት እንዴት እንደሚያልፍ ያውቃሉ። መጽሐፉን አንዱ ሹፌር አዋሽ ድረስ አመጣው፣ ለሌላው ሰጠው፤ ያኛው ሚኤሶ አደረሰው፤ ሚኤሶ ላይ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ሰንብቶ፣ መንገዱ ሲከፈት በሦስተኛው ሰው እጅ ጭሮ ገባ። ያመጣችላት ረዲያ ናት።

«አባቴ ‹ስጫት› ብሎኛል» አለች። «ሌላ ምንም አላለም።»

ሽፋን የለውም፣ ጥጎቹ ተጣጥፈዋል፣ ባለቤት የነበረ ሰው በእርሳስ ያሠመረበት አለ። ቀነኒ የመጀመሪያውን ገጽ ስትገልጥ «እዚህ ጋ ንኪ» የሚለው ቦታ ስክሪኗ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ! ነካችው፤ ተከፈተ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ይህቺ ልጅ ሰው በተርታ ቆሞ እየጠበቃት «ዛሬ ስልክ አልሠራም፣ ይቅርታ» ማለት የጀመረችው በዚያ ሳምንት ነው። አንዱ ተሳደበ፣ አንዷ አኮረፈች፤ ቀና ብላም አላየቻቸው። ቃል በቃል፣ ምልክት በምልክት ሄደች። አንድ ቀን እናቷን ጠርታ ስልኳን ሰጠቻቸው፤ ከበደች የሚወዱትን የመዝሙር ቁጥር ነኩ፣ ግጥሙ ወጣ። እልል ብለው ሳምቡሳ ጠባሾቹን አስደነገጧቸው። ግን መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ፈተናው ደግሞ ደርሷል። ግማሹ ላይ እንደደረሰች ድሬዳዋ ሄደች።

ፈታኞቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፤ ክፉዎች አይደሉም። አፑን ከፈተችላቸው፣ ወደዱት። «ፊደሉን አተልቂው» አሏት፤ አደረገችው። «ቀለሙን ቀይሪው»፤ ቀየረችው። በውስጧ ያልፍልኛል የሚል ነገር መሞቅ ጀምሯል።

«ጥሩ። አሁን ደግሞ ሰው ቁጥሩን ካላወቀ በግጥሙ ቃል ፈልጎ የሚያገኝበት ጨምሪልን» አለቻት ሴትየዋ።

ቀነኒ ስክሪኑን አየች። የት እንዳለ ታውቃለች፤ ካቆመችበት ወዲያ ያለው ምዕራፍ ነው፣ ርዕሱን አይታዋለች፣ አልደረሰችበትም። ጻፈች፣ ቀላ። ሌላ ጻፈች፣ ቀላ። ጊዜው አለቀ። «አልደረስኩበትም» አለች። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ማታ ላይ የተቀባዮቹ ስም ሲጠራ የሷ የለበትም። ሌላ ዙር መስከረም ላይ አለ፣ ተዘጋጅተሽ ነይ አሏት።

የድሬዳዋ መናኸሪያ ወበቅ አለው። አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ አይደለም። ሐጂ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገሯትም፤ ያነሱ ይሆን? ደግሞ ቢያነሱ «ውጤቱ ገና አልተነገረም» ማለት ትችላለች፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አነሱ።

«ሐጂ፣ አልተቀበሉኝም።»

ከወዲያ የጫት መጠቅለያ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል።

«መጽሐፉ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«መጽሐፉ ልክ ነው። ግማሹን ብቻ ነው ያነበብኩት። የቀረውን ዝም ባልኩባቸው ቀናት እጨርሰው ነበር።»

«እኔም አለሁበት» አሉ። «ልጁ ሲነግረኝ አልሰማሁም።»

ቀነኒ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። የምትለውን ከድርጅቱ ደጅ እስከዚህ አግዳሚ ድረስ በልቧ ስትለው መጥታለች፤ የጸሎት ቡድን መሪ ልጅ በጫት መጋዘን ውስጥ! ቤተ ክርስቲያን ምን ይባላል፣ እናቷ ምን ይላሉ፣ ሐጂስ ይህቺ ልጅ ዓይን አወጣች አይሉም? ዓይኗን ጨፈነች።

«ሐጂ፣ መስከረም ላይ ሌላ ዙር አለ። ኮንቴይነሬ ደግሞ በዚህ ሳምንት ይነሳል። ከመጋዘንዎ አንድ ጥግ ይስጡኝ። ኮምፒውተሬን የማኖርበት፣ ስልክ የምሠራበት፣ መጽሐፉን የምጨርስበት።»

«ከበደች ምን ትላለች?»

«ትቆጣለች። እኔ እነግራታለሁ።»

ከዚያ ሐጂ ሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ ሆነ።

«ታዲያ ይሄን ለመጠየቅ ድሬ ድረስ መሄድ ነበረብሽ?» አሏት፤ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያርቁ ወደ መጋዘኑ ውስጥ ተጣሩ። «ረዲያ! ያን በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ አስጠርጊ!»